የብሎክ ሰባት የውሃ አባት

እኔ እቴነሽ የምኖረው ምድር ቤት ነው፤ ለዚህም እግዜርን ሳመሰግን ኖሬያለሁ። ኮንዶሚኒየማችን ባለ አራት ፎቅ ነው። ወደኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። «ውሃ መጣ!» ሲባል ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ኧረ እኔማ የልብስ ማጠቢያ ሳፋው ሳይቀር እሞላ ነበር። ታች ያለነው ስንቀዳ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ነፋስ ብቻ ይተፋል።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ጀሚላ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወገቧን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ከባድ ነገር አታነሳም። ባሏ የሱፍ ከሱቅ ሲመለስ ጀሪካን እየተሸከመ ያወጣላታል። ለእኔ እሷ ጎረቤት ብቻ አይደለችም፤ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከጎኔ ያልተለየች ሰው ናት። እና አንድ ሰኞ መጥታ «እቴነሽ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሐሙሲት ከተማ ልንገባ ነው። የሱፍ ደከመው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቷል» አትለኝም?

በማግስቱ ነዋሪውን በየበሩ እያንኳኳሁ ሰበሰብኩ። ኮሚቴ የላችሁም ወይ እንዳትሉኝ! ኮሚቴስ አለን፤ ማኅተምም አለው፤ ሥራው ማኅተሙን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ፓምፕ ይገዛ አለ፤ ሌላው ደብዳቤ ይጻፍ አለ። ጀሚላ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በዚህ መሀል ጋሽ ሙላቴ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ከጉና ተራራ ሥር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አሁን ሁለተኛ ፎቅ ልጃቸው ዘንድ ይጦራሉ።

«እኛ አገር መስኖውን የሚያካፍል የውሃ አባት ይመረጣል» አሉ። «መጀመሪያ የሚጠጣው ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ማሳ ነው። ምንጩ ሥር ያለው መጨረሻ ነው። እሱንማ ውሃው መች ይረሳዋል?»

እኔ ብድግ አልኩ። «እንግዲያው አንቱ የውሃ አባት ይሁኑልን!»

«ቃል ከሰጣችሁኝ» አሉ።

ተስማማን። ከላይ ወደ ታች ይቀዳል። ተራ የሰረቀ ተራው ያልፈዋል፤ አንድ ጀሪካንም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ያወጣል። ቅጣቱን ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ። በጭብጨባ ጸደቀ።

በነጋታው ረቡዕ ሆነ። እኔ ደግሞ እሑድ የማኅበር ተራዬ ነው፤ የጠላው ድፍድፍ ጋን ውስጥ ሆኖ ውሃ ይጠብቃል። «ለማኅበር የሚሆን ውሃ ምን ኃጢአት አለው? አንድ ጀሪካንስ ምን ያጎድላል?» ብዬ ቧንቧዬን ቀስ አድርጌ ከፈትኩ። ለካ ጎረቤቴ ይርጋም፣ ፊት ለፊቴ ያለችው ትዕግሥትም እንደኔው «አንድ ጀሪካን» ብለው ከፍተዋል! ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ቆመ።

ጋሽ ሙላቴ ደጄ መጡና እርጥቡን ወለል አዩት።

«የቅጣቱን ሐሳብ ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ!» ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ሲያፍር ይቆጣል አይደል።

«አዎ ልጄ፣ አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወዳንቺ የመጣሁት» አሉኝ በዝግታ። «በይ፣ አንሺ።»

አነሳሁ። ሃያ ሊትር። አንደኛውን ፎቅ እየተራገምኩ ወጣሁት፤ ሁለተኛው ላይ እርግማኑም አለቀብኝ። ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጀሚላ ቤት ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ባዶ እጄን ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ዕቃዋ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። እንባዬ መጣ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ» አለችኝ። «ግን እቴነሽ፣ ከእንግዲህ የሱፍን ታገሥ ማለት አልችልም።»

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው በር ላይ ቆመ። የሱፍ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዕቃ ማውረድ ጀመረ። ወዲያው «ውሃ መጣ!» ተባለ። ማንም አልሮጠም። ጋሽ ሙላቴ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ይርጋ እጁን ኪሱ ከቷል። እኔ ባዶ በርሜሌ አጠገብ ቆሜ፣ ውሃው በግድግዳዬ ውስጥ ወደ ላይ ሲያልፍ ሰማሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲያልፈኝ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም፤ ምናልባት ዘግይተን ይሆናል።

የሱፍ ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሦስተኛውን ፎቅ እየወረደ ነበር። ከላይ ውሃ ባዶ ባልዲ ላይ ሲወርድ ተሰማ። የሱፍ ቆመ፤ ሁላችንም ቀና አልን። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ሰማን።

ከዚያ ጀሚላ ከላይ ጮኸች፦ «የሱፍ! ፍራሹን መልሰው!»