አንድ ረድፍ የቀረው ወንበር

ቃለ አጋኖ ብለው ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር። ጎማ ፈንድቶ መኪናው ጫካ መሀል ሲቆም ሌላው ረዳት ይሳደባል፤ እሱ ግን ወሬ ይጀምራል። ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ገመድ በጥርሱ ነክሶ እንዳቆመ ያወራል፤ ማስረጃ የጠየቀው ካለ የጎደለ ጥርሱን ያሳያል። ጣሪያ ላይ የተጫነች ፍየል አንገቷን በመስኮት አስግጋ «ከፍያለሁ፣ ወንበሬ የት አለ?» እንዳለችው ደግሞ በእናቱ ስም ይምላል። ሰዉ ስቆ ሳይጨርስ ጎማው ተቀይሮ ያልቃል።

ሚስቱ በበኩሏ ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት የሠራች ናት። ገመድ ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው ዕድሜዋ ያለፈው። ለዚህ ነው «ማዞሪያ» የሚላት። ልጅ አልወለዱም። እሱ መንገድ ለመንገድ፣ እሷ ከሰው ድምፅ ጋር ስትውል፣ ሳያስቡት ሸመገሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዞሪያ ልትነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ምላሷ ተረፈ። ሐኪሙ ልቧም እንደ ደከመ ነግሮት፣ «ብቻዋን አይተዋት» አለው። ቃለ አጋኖ የአውቶቡሱን ሥራ በዚያው ተወ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ በሩን ሊገነጥለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በጣት የሚቆጠሩ መጡ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ከመስኮቱ ሥር ሲያልፍ «እንዴት አደረች?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚሄድ ሆነ። በሰው አይፈረድም፤ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው። ቃለ አጋኖ ባዶውን በወሬ ሊሞላ ሞከረ፤ እሷ ግን ወሬዎቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«ፍየሏ ባለፈው ነጭ ነበረች» ትለዋለች።

«አርጅታ ነው የጠቆረችው።»

አንድ ቀን ግን ሳትስቅ ቀረች። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ «የሰው ድምፅ ናፈቀኝ» አለችው። «ያንተን አይደለም። ያንተን ጠግቤዋለሁ። የሰው።»

ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰካችበት።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሟ መጣ። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «አዋቂው» ይሉታል። የእህቱ ጡረታ ከእጅ ወደ አፍ መሆኑን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ቤት ተቀምጠህ የምትሠራው ሥራ ያስፈልግሃል» አለው። «የቤት ውስጥ ሥራ መምረጥ እንደ ጫማ ነው፤ የሰው ጫማ ያቆስልሃል። ወረቀት አምጣ። በአንድ በኩል የምትወደውን ጻፍ፣ በሌላ በኩል አኗኗርህን።»

ቃለ አጋኖ እርሳሱን በምራቁ አርሶ ጻፈ። በአንድ በኩል «ወሬ»። በሌላ በኩል «አንድ ክፍል። አንድ አልጋ። አንድ ሚስት።»

አዋቂው ወረቀቱን አየውና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ወሬ እኮ ሥራ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ።»

በመጀመሪያ ሻማ ሠራ። የሰሙ ሽታ እያሳላት ማዞሪያ እንቅልፍ አጣች፤ ተወው። ቀጥሎ አርባ ጫጩት አምጥቶ በካርቶን ከአልጋው ሥር አደረገ። እነሱ ደግሞ ሲጮኹ ውለው ሲጮኹ አደሩ። «ከአንተ ይሻላሉ» አለች እሷ፣ «ቢያንስ አይዋሹም።» እነሱንም ሸጠ። ከዚያ ለባለ ሱቁ የወረቀት ከረጢት ማጣበቅ ጀመረ። ሽታ የለው፣ ጩኸት የለው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ባለ ሱቁ በሳምንት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እሽጉን ተቀብሎ ይሄዳል። ሥራው ዝም ያለ ነው፤ ቤቱም ከሥራው ጋር ዝም አለ። ቃለ አጋኖ ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና አነበበው። የሚፈልገው ሥራ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ሰውን ከደጅ አስገብቶ የሚያስቀምጥ ሥራ።

ሥራውን ያገኘው አዋቂውን አጠገቧ አስቀምጦ ፀጉሩን ሊቆረጥ መንገድ ማዶ ብቅ ባለበት ቀን ነው። ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ መቀመጫው በገመድ የተሠራውን ወንበር በርግዶት ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ጉልበቱና አፍንጫው ተገናኙ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ቃለ አጋኖ ብቻ ገመዱን አየ። የአውቶቡስ ወንበር ስንት ዘመን አድሷል፤ ጣሪያ ላይ ጭነት ሲያስርም ጣቱ የማያውቀው ቋጠሮ የለም። ሥራው መዶሻ አይፈልግ፣ ማጣበቂያ አይፈልግ።

«ቤት አምጣው» አለው ፀጉር አስተካካዩን።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። በቤቱ ያለችው አንዲት ወንበር ቃለ አጋኖ የሚሠራባት ናትና የሚቀመጥበት ቢያጣ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከማዞሪያ እግር አጠገብ በስሱ አረፈ።

«ወንበሩ የማን ነበር?» አለችው እሷ።

ፀጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ የሰው ጆሮ ሥር ቆሞ የሰው ወሬ የሚሰማ ፍጡር ነው። የእሱን የጠየቀው የለም። መጀመሪያ «የአባቴ ነበር፣ እትዬ» ብቻ አለ። ቀጥሎ አባቱ ያንን ወንበር እንዴት እንደገዛ፣ እናቱ በገዛበት ቀን እንዴት እንዳኮረፈች ነገራት። ማዞሪያ ስልክ ቤት እንደለመደችው አላቋረጠችውም። ሱቁን ክፍት ትቶ መምጣቱ ትዝ ያለው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ማዞሪያ ሾርባዋን እስከ ሳህኑ ቂጥ ጠጣች። ከወር ወዲህ እንዲህ ጠጥታ አታውቅም። ቃለ አጋኖ ባዶውን ሳህን ይዞ ማድቤት ገባና ትንሽ ቆመ።

ወንበሩን በማግስቱ ሊጨርስ ይችል ነበር። አንድ ረድፍ ሲቀረው ወደ ግድግዳ አዙሮ አንሶላ አለበሰው።

«ደረሰ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ነገ ና። ገመዱን የጫነውን መርከብ ዓሣ ነባሪ ውጦት ነው። ካፒቴኑ ከሆዱ ውስጥ ሆኖ ደውሎልኛል፤ ነገ ያስመልሰዋል ብሎኛል።»

ሰውዬው እየሳቀ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ወሬው ተሰማ፤ ወንበርም ወንበርን ይጠራል። በሁለት ወር አሥራ አንድ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሁሉም አንዳንድ ረድፍ ይቀራቸዋል። የሒሳብ አስተማሪዋ መጣች፤ ወገቧን ስለሚያማት ከገመድ ወንበሯ ሌላ አይመቻትም። ባለ ሱቁም የራሱን ይዞ መጣ፤ በሩ ላይ መቆሙ ቀረ። የዘገየበት እየመጣ ይጠይቃል፤ ሊጠይቅ የመጣ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ያወራል። ዓሣ ነባሪውም በየቀኑ ይሰባል። አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሌላ ቀን መርከቡን ሲተፋ ገመዱን ብቻ ሆዱ ውስጥ አስቀረ። ማዞሪያ ፊቷ ወዛ። ሌላው ቀርቶ ሰው ከመምጣቱ በፊት «ፀጉሬን አበጥርልኝ» ማለት ጀመረች።

ሁሉ ነገር ልክ አለው። አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሳይስቅ ገባ።

«ጋሼ፣ ተራ ጠባቂዎቼ መቆም ሰልችቷቸዋል። ትናንት አንዱ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ፈረስ ቆሞ አንቀላፋ። ሁለቱ ወዲያ ማዶ ላለው አስተካካይ ሄደውብኛል። ዓሣ ነባሪውን ወደድኩት፤ ግን እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ነገ» አለ ቃለ አጋኖ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልወጣለትም።

ሰውዬው ሲወጣ ማዞሪያ፣ «ያን አንሶላ አንሳው» አለችው። አነሳው። «አንድ ረድፍ ነው የቀረው። የሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሦስተኛው ወንበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ቆይታም፣ «ስልክ ቤት ሳለሁ መስመሩ በእጄ ነበር። ሰዎቹ ተነጋግረው ሲጨርሱ ግን ገመዱን እነቅላለሁ። ሰውን በመስመር ይዞ ማቆየት ነውር ነው። የፈለገ መልሶ ይደውላል።»

«ካልደወለስ?»

«ካልደወለም አልደወለም። ስጣቸው፣ አንተ ሰውዬ።»

ሰጣቸው። የመጀመሪያው ገመድ አልቆበት በአዲስ ስለጨረሳቸው የመጨረሻው ረድፍ በሁሉም ላይ ደመቅ ያለ ሆነ። ባለቤቶቹ እየመጡ ወሰዱ፤ አመሰገኑ፤ ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሩን የገፋ ሰው አልነበረም። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ማዞሪያ ዓይኗን ታነሳለች። «ቆጣሪ አንባቢው ነው» ይላታል ቃለ አጋኖ፣ ወይም «ነፋስ ነው»። አንድም ጊዜ አልዋሻትም። እሷም ፀጉሬን አበጥርልኝ አላለችውም።

የቀረችው የአስተማሪዋ ወንበር ብቻ ነበረች፤ ወገቧ ተነስቶባት መጥታ አልወሰደችም።

«ውሰድላት» አለች ማዞሪያ በአሥረኛው ቀን።

«ብቻሽን ትቼሽ?»

«መንገድ ማዶ እኮ ነው። ምን እሆናለሁ ብለህ ነው፣ ሮጬ እንዳልጠፋ?»

ውሃ በቀኝ እጇ በኩል አስቀመጠላት። በሩን ገርበብ አድርጎ ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ። አስተማሪዋ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ገመዱ ይፈተሽ እንጂ፣ ይቀመጡበት» አለችው፤ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳችለት። «ለመሆኑ ያ ዓሣ ነባሪ የት ደረሰ?»

ከተጠየቀ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። ሁለት ቃል ብሎ ሊነሳ ነበር። ግን አስተማሪዋ ሳቀች፤ ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ እሱም ቀጠለ። ዓሣ ነባሪውን ዳረው፣ ልጅ አስወለደው፣ ልጁን ሒሳብ አስተማረለት። ሻዩ በረደ። ደረጃውን ሲወርድ ብቻውን ይስቅ ነበር።

በሩ እንደተወው ገርበብ ብሎ ነበር። ውሃውም እንደተወው ነበር።

«ማዞሪያ፣ አስተማሪዋ የዓሣ ነባሪውን ወሬ ስታምነኝ ብታዪ» ብሎ ገባ፤ ጫማውን እያወለቀ ስለ ልጁም ጀመረላት። ፊቷ ወደ በሩ ነበር። ወሬው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ነው ዓይኗ እሱን እንደማያይ ያወቀው። ወሬውን አልጨረሰውም። ከዚያች ቀን ወዲህም ማንም ሲጨርሰው አልሰማም።

በማግስቱ ለለቅሶ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ የአባቱን ወንበር በራሱ ላይ ተሸክሞ። ያ ቤት መቀመጫ እንደሌለው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ባለ ሱቁም የራሱን ይዞ መጣ። አስተማሪዋ ወገቧን ታቅፋ፣ ወንበሯን ሌላ ሰው ተሸክሞላት መጣች። እየተጠራሩ አይደለም፤ ግን አሥራ አንዱም ወንበር ተመለሰ። ቤቱ ሞልቶ ደጅ ድረስ ወጣ። ቃለ አጋኖ መሬት መሬቱን እያየ፣ በየሰዉ ጉልበት መሀል ደመቅ ብላ የምትታየውን አንዷን ረድፍ ይቆጥር ነበር። አሥራ አንድ። ይቺን ያህል ሰው ለመሰብሰብ ስንት መርከብ አሰመጠ። አሁን ያለ አንድ ውሸት መጡ፤ የምትሰማቸው ግን የለችም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወንበሩን ይዞ ሄደ።

አዋቂው ቆየት ብሎ፣ ወረቀቱን ከመስኮቱ ጠርዝ አንስቶ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ አኗኗርህ ተለውጧል፤ ሥራውን እንደገና መምረጥ ነው» አለው በለሰለሰ ድምፅ። እርሳሱንም ሰጠው። ቃለ አጋኖ እርሳሱን በምራቁ አራሰ። «አንድ ሚስት» የሚለው ላይ አስጠጋው። ሊሰርዘው እጁ እምቢ አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ሌላ ጊዜ» አለ።

ወር ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ወንበሩን ይዟል።

«ተበጠሰ፣ ጋሼ።»

ቃለ አጋኖ ወንበሩን ወደ ብርሃን አዙሮ በጣቱ ዳሰሰው። የተበጠሰችው ያቺ ደማቋ ረድፍ ናት። ያረጀ ገመድ ሲበጠስ ይፍተለተላል፣ ጫፉ እንደ ጢም ይንጨባረራል። ይህኛው ጫፍ ልስልስ ያለ ነው፤ ምላጭ ብቻ እንዲህ ይቆርጣል። ቀና ብሎ ሰውዬውን አየው። ሰውዬው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«መቼ ይደርሳል?» አለ።

ቃለ አጋኖ ዓሣ ነባሪውን ፈለገ። መርከቡንም፣ ካፒቴኑንም ፈለገ። አንዳቸውም አልመጡለትም።

«ነገ» አለ።

«ነገ እንግዲህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግን አልሄደም። የሚቀመጥበት ፈለገና አልጋው ላይ አረፈ። አልጋው ባዶ ነበር፤ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል። ሰውዬው ግን እንደ ወትሮው ከጠርዙ ሳያልፍ፣ ለእግሯ ቦታ ትቶ ተቀመጠ።