ደረጃ ላይ የተነሰነሰ አሸዋ

በቦንጋ ቁልቁለት ላይ ቤት የሠራ ሰው ሁለት ጠላት አለው፦ ዝናብና የገዛ ደረጃው። ጋሽ ጉግሳ ከበረንዳቸው እስከ መንገዱ አሥራ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ ሲያሠሩ፣ “እንደ መስታወት አለስልሰው” እያሉ ግንበኛውን ቁም ስቅሉን አሳይተውት ነበር። እንዳሉትም ለሰለሰላቸው። አምና ክረምት ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ከአምስተኛው ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ።

ዳሌው ዳነ፤ ልባቸው ግን አልዳነም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ደረጃው በፀሐይ ደርቆ እንኳ ከበረንዳው አያልፉም። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ወዳጃቸውን ጠይባን ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየወረዱ ሲጠይቋት ኖረው፣ አሁን ከላይ ሆነው በእጅ ብቻ ሰላም ይሏታል። ጠይባም በጉልበቷ ሕመም አቀበቱን አትሞክረውም። ጋሽ ጉግሳ ያንን የሚወዛወዝ እጅ ባዩ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ፤ ነውም።

የጠይባ ባል ኸሊፋ ቀለም ይሸጣል፤ ጋሽ ጉግሳ ደረጃው እንዳያንሸራትት የሚቀቡት ቀለም ሊገዙ ሄዱ።

“ጋሽ ጉግሳ፣ ቀለም ብቻውንማ ይብስብዎታል” አላቸው። “መጀመሪያ ዝናቡ ደረጃው ላይ ያበቀለውን አረንጓዴ ሻጋታ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ያድርቁት። ቀለሙ ሳይደርቅ የተነፋ የወንዝ አሸዋ ይነስንሱበት። አሸዋው ሲይዝ ደግመው ይቀቡታል።”

ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን ጋሽ ጉግሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከታች ወደ ላይ እያፈገፈጉ ቀቡ፤ አሸዋውንም ነሰነሱ። አመሻሹ ላይ ደመናው ስላላማራቸው ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ደረጃውን አለበሱት።

“ደረጃ ቢኳል ያው ደረጃ ነው” አሉ እትዬ የሺሃረግ ከውስጥ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጉግሳ ፊታቸውን እየታጠቡ የመጥረጊያ ድምፅ ሰሙ። ብቅ ሲሉ እትዬ የሺሃረግ ደረጃው ላይ ናቸው! በሠፈሩ ከእሳቸው ደጅ የጠራ ደጅ የለም፤ ያን ሁሉ ቅጠልና አሸዋ አይቶ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ቅጠሉን ወደ ዳር እየገፉ፣ አሸዋውን እየጠረጉ፣ ለራሳቸው እያጉረመረሙ ይወርዳሉ። ስድስት። ሰባት። ጋሽ ጉግሳ “አሸዋዬን!” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ቢጠሯቸው የት እንደቆሙ ትዝ ይላቸዋል። ሳሙናው ፊታቸው ላይ እየደረቀ ቆሙ።

እትዬ የሺሃረግ አሥራ ሦስተኛውን ጠርገው ቀና አሉ።

“አንተ ሰውዬ! ቀለም ቀባሁ ብለህ አሸዋ ትደፋብኛለህ? ደግሞ ግማሹ ተጣብቆ አልነሣ አለኝ!”

“እንዲጣበቅ ነው፣ የሺ።”

ያኔ እትዬ የሺሃረግ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ላይ፣ የወረዱትን ሁሉ አዩ። ጋሽ ጉግሳ ሊደግፏቸው ሁለት ደረጃ ወረዱ።

“ቁም እዚያው!” አሏቸው። የታችኛውን ደረጃ በጫማቸው ጫፍ ፈተጉት። ጫማው አልተንሸራተተም። ደግመው ፈተጉት።

“ቁርስህን አንተው ሥራ። ጠይባ ቤት ነኝ።”

መጥረጊያውን እንደያዙ መንገዱን ተሻገሩ። በሩ ሲከፈት የጠይባ እልልታ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ጋሽ ጉግሳ ዓመት ሙሉ ያልሰሙት የሚስታቸው ሳቅ።

ሁለተኛውን ቀለም መቀባት ነበረባቸው። ግን እርጥብ ቀለም አይረገጥም፤ የሺ በምን ትመለሳለች? ብሩሹን አስቀምጠው በረንዳው ላይ ተቀመጡና፣ የሚያያቸው ስላልነበረ፣ አለቀሱ።