የኤልዊን ጉብታዎች

ኤልዊን ትሮምብሊ በዚህ ተራራ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ክረምት በረዶ ጠርጓል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የበረዶ ጠራጊ መኪናውን የጎን መግፊያ ብረት አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። እንደ እሱ መንገድ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ፊት ለፊቱ ግን አልለውም፤ ይኮራብኛል።

የበረዶ ዐውሎ ዓይን ሲጋርድ የሚነዳው በመቀመጫው ነበር። ከጥዱ ጫካ እስከ ሀይቁ ድረስ ውርጭ መሬቱን እያሳበጠ አስፋልቱ ላይ አራት ቦታ ጉብታ አውጥቶ ነበር። መቀመጫው በነጠረ ቁጥር ይቆጥራል፤ አራተኛው ሲያነሳን ኩርባው ጋ ደርሰናልና መሪውን ወደ ግራ ያዞራል። ቀጥ ካለ ሀይቁ ውስጥ ነን።

ባለፈው በጋ መንገዱ አዲስ አስፋልት ለበሰ፤ ጉብታዎቹም ጠፉ። ሁላችን ስንደሰት እሱ ብቻ አኮረፈ።

«ምን ሆነሃል? አሁን እኮ ቡናህ አይፈስብህም» አልኩት።

«ወንበሬን ዲዳ አደረጉብኝ።»

ሳቅንበት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ግሌንዳ የምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሥራ አንድ ልጆች ይዞ የኋላ መብራታችንን እያየ ይከተለናል። ከሀይቁ የተነሳ ነፋስ በረዶውን መስታወቱ ላይ ደፋው። ምንም አይታይም። የኤልዊን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መቁጠር ለምዶ ነው። የሚቆጠር ጉብታ ግን አልነበረም። ፍሬን ያዘ።

«እዚህ ከቆምን ከኋላ የሚመጣ ግንድ ጫኝ መኪና ልጆቹ ላይ ይወጣባቸዋል። መሪውን ያዢ» ብሎኝ አካፋ ይዞ ወረደ።

አካፋውን በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ እየጎተተ ከፊቴ ይሄድ ጀመር። አስፋልት ሲነካ ያፏጫል፣ ጠጠር ሲነካ ይንኮሻኮሻል። በተንኮሻኮሸ ቁጥር እሱ ወደ ግራ ይላል። እኔ ጀርባውን እያየሁ በእግር እርምጃ እነዳለሁ።

በመስኮቱ ጮኽኩ፦ «ወድቀህ ብወጣብህስ?»

«ያኔ አንድ ጉብታ አገኘሽ ማለት ነው!» አለ ዞር ሳይል።

ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ብርድ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ኩርባውን አዞረን፤ አውቶቡሱም ተከተለን። ተመልሶ ሲገባ ቅንድቡ ላይ በረዶ ጋግሯል። እኔ አለቀስኩ። እሱ አካፋውን ቦታው ላይ ሰቀለ።

መጋቢት ላይ ውርጩ አዲሱንም አስፋልት አሳበጠው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲራገም ሰነበተ። እኔና ኤልዊን ጥዱን አልፈን ስንወርድ መቀመጫው ድንገት አነሳን፤ ቡናዬ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

«አንድ!» አልኩ፣ ከእሱ ቀድሜ።