ከቆርቆሮ ወደ አፈር ጣሪያ

የሰሃላ፣ የደሃናና የአበርገሌ ገበሬ የመሬት መዝገብ ሁለት ሰርቨሮች ውስጥ ነበር፤ ጠባቂያቸው ደግሞ እኔ ሊድያ ነበርኩ። ዘመኑ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ከባሕር ዳር የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ ሰቆጣ ተመልሼ መሬት ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ሰርቨሮቹ መዝገብ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች፣ እስከ ጉልበት የሚደርሱ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ጥቁር ሣጥኖች ናቸው። አቧራ እንዳይነካቸው፣ ሰው እንዳይደርስባቸው ብዬ ትልቁን የብረት ቁምሳጥን አስለቅቄ ከተትኳቸውና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። የክፍሉን መስኮትም በላስቲክ አሸግኩት። ኃላፊያችን አቶ ምንዋጋው በስብሰባ መሐል "ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው!" ብለው አመሰገኑኝ።

ብርዱ ሳለ ምንም አልሆኑም። መጋቢት ሲጋመስ ግን መጥፋት ጀመሩ። ከቁምሳጥኑ ውስጥ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ ይላሉ። ስልክ ደውዬ የጠየቅሁት ባለሙያ "ሙቀት ነው፤ ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ አስገጥሙ" አለኝ። አቶ ምንዋጋው ለበላይ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል ተባሉ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ መብራት በፈረቃ ሆነና ለእኛ የሚደርሰን ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ያውም ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ሆነ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰኞ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከሰሃላ መጡ። ሁለት ቀን በእግር ተጉዘዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ድንበር ገፍቶ መሬታቸውን አርሶባቸዋል። የይዞታ ደብተራቸው ቤት ሲቃጠል አብሮ ነዷል። የይግባኝ ቀጠሯቸው አርብ፣ እዚሁ ሰቆጣ ነው። ከመዝገቡ ላይ ማስረጃ ካልያዙ የሚያዳምጣቸው የለም።

ማሽኑን ከፈትኩና ቁምሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩ። ስማቸውን መፈለግ ስጀምር ጠፋ። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። እሳቸው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ልጄ፣ ይህ ነገር ምን አገኘው?"

"ሞቆት ነው፣ እናቴ።"

"ታዲያ ሞቆት ከሆነ ስለምን ቆለፍሽበት?"

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። የወጣው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። እጄን ሣጥኑ ላይ ባሳርፍ ፈጀኝ። ለሦስት ሳምንት ሰማዩን ስወቅስ፣ መብራቱን ስወቅስ፣ ያፈንኳቸው እኔ ነበርኩ። የተመሰገንኩበት ሥራ ራሱ ነበር ጥፋቱ። አልቅሼ ቢወጣልኝ ወደድሁ፤ ግን ሴትዮዋ እያዩኝ ነው።

እንደምንም ወደ አቶ ምንዋጋው ገባሁ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "በስብሰባ ያመሰገንኩሽ ለዚሁ ነው?"

"ለዚሁ ነው።"

"እንግዲያ አብረን አጥፍተናል። አሁን ምን ይሁን?"

ሰርቨሮቹን ከቁምሳጥኑ አወጣናቸው፤ የመስኮቱን ላስቲክም ቀደድን። ማሽኖቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩና እንደገና ጠፉ። ከላይ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ እሳት ይተፋል።

በዚያው ከሰዓት ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ከቢሮው በስተጀርባ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ፤ ጣሪያው አፈር፣ ግድግዳው ክንድ ተኩል የሚወፍር። ያረጀ ጎማና የተሰበረ ወንበር ይጣልበት ነበር። ለመኪና ማቆሚያ ይፍረስ ተብሎ ግንበኛው ጋሽ ካሤ ዶማቸውን ይዘው መጥተዋል። ሮጬ ገባሁ። በጠራራ ፀሐይ ውስጡ እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዛል።

"ጋሽ ካሤ፣ ያቁሙ! እባክዎ ያቁሙ!"

"አፍርስ ብላችሁ ጠርታችሁ አቁም ትሉኛላችሁ?"

ጎትቼ ወስጄ ማሽኖቹን አስነካኋቸው። እጃቸውን ፈጥነው አነሱ። ከዚያ ተመልሰው ቤቱን ዞሩት፤ ግድግዳውን በሻካራ ጣታቸው መቱ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ።

"ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል" አሉ። "በጥላው በኩል ከታች እበሳለሁ፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ ከላይ። ቀዝቃዛው ይገባል፣ ትኩሱ ይወጣል።"

"ክረምት ሲመጣስ? አፈር ጣሪያ ያፈሳል።"

"ከአፈሩ በላይ ቆርቆሮ እናልብሰው፤ መሐሉን ክንድ ያህል እናስፍተው፣ ነፋስ ይለፍበት።"

አቶ ምንዋጋው የማፍረሱን ትእዛዝ በራሳቸው ፊርማ አገዱ። ቆርቆሮው ለክረምት ይደርሳል ብለን ሌላውን ጀመርን። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጎማ አወጣን፤ ግድግዳው አቧራ እንዳይረግፍ ተመረገ፣ ወለሉም በሲሚንቶ ተለሰነ። ሁለቱን ቀዳዳዎች በወንፊት ሽቦና በአጎበር ጨርቅ ሸፈንኩ። ሐሙስ ጠዋት ኬብሉ ተዘረጋ፤ ሰርቨሮቹን በሳንቃ ላይ፣ ከግድግዳው አርቄ አቆምኳቸው። በጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣውን የምትቆጣጠረው ብርሃን ቴርሞሜትር አዋሰችኝ። ቢሮው ሠላሳ ስድስት ዲግሪ፣ የድንጋዩ ቤት ሃያ ሦስት።

መብራት መጣ። ከፈትኩ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት፤ አንድ ሰዓት። ፉጨት የለም። ማራገቢያቸው ብቻ በዝግታ ይጮኻል። የሴትዮዋን ስም ጻፍኩ፤ ወጣ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲተፋ አቶ ምንዋጋው ማህተማቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ተቀብለው መልሰው ሰጡኝ። "አንብቢልኝ።"

ማሳ በማሳ አነበብኩላቸው፤ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስናቸው። ከሟች ባላቸው ስም ስደርስ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት።

አርብ ችሎቱ ሁለቱን ማሳ መለሰላቸው። ሦስተኛው በሽማግሌ ይታይ ተባለ። "ሁለቱ ያበሉኛል" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝና ለመንገዳቸው ተነሱ።

የጣሪያው ቆርቆሮ በጊዜ ደረሰ፤ ክረምቱንም በሰላም አሳለፍነው፤ ከአንድ ጥግ በቀር አላፈሰሰም። በዓመቱ ከአበርገሌ መሬት ጽሕፈት ቤት መልእክት መጣ፦ እነሱም ሁለት ሰርቨር ደርሷቸዋል፣ ምን እናድርግ ይላሉ። ከጋሽ ካሤ ጋር በጭነት መኪና ቁልቁል ወረድን። ወደ ተከዜ በተጠጋን ቁጥር ነፋሱ ራሱ እየሞቀ ሄደ።

"እዚህ የድንጋይ ቤት ብቻውን አይበቃም፣ ጋሽ ካሤ። ሌሊቱም ይሞቃል።"

"አየሁት" አሉ። ቦታው ላይ ስንደርስ ትልቅ ግራር ጥላ ሥር ተንበረከኩ፤ መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ። "ቤቱን ግማሽ አካሉን መሬት እናስገባዋለን። ጎርፍ እንዳይገባው በላይ በኩል ቦይ እንቀድለታለን።"

"ይሆናል?"

"እስኪ እንቆፍርና እንየው።"

ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። እግሬን ቀዘቀዘኝ።

"ይቆፈር!" አልኩ።