የዘይኑዲን አውሮፕላን

«ይቺ ሞተሯ ናት» አለ አብዱሰመድ፣ አውራ ጣት የምታህለውን ብረት ወደ መስኮቱ እያስጠጋ። «አጀብ ነው! እስካሁን ትዞራለች።»

ጀዊሪያ ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀች። አባቷ ዘይኑዲን ከሞተ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውጪ ዳሱ ውስጥ ሼኩ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። እሷ ደግሞ የሟቹን የወታደር ቤት ጓደኛ፣ አብዱሰመድን፣ ገና ከአውቶቡስ እንደወረደ ከለቀስተኛ ነጥላ፣ ጓዳ አስገብታ የአባቷን የቆርቆሮ ሣጥን ከፍታበታለች። ወጉ አይደለም፤ ግን ለቅሶው ዛሬ ያበቃል፣ ጊዜ የላትም።

ለሱም እንደነገረችው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሬሳው ሊወጣ ሲል ሼኩ እንደ ደንቡ «እሱ ላይ ሐቅ ያላችሁ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት» አሉ። ግቢ ሙሉ ሰው «አፉ ብለናል» አለ። ከሴቶቹ መካከል ዓሊማ ብቻ «እኔ አላልኩም» አለች፣ ጮክ ብላ። ሰዉ ክው አለ። የሰው ሐቅ ተሸክሞ የሄደ ሰው አላህ ፊት ምን እንደሚጠብቀው ጀዊሪያ ታውቃለች። ሦስት ቀን እህል አልወርድ ያላት ለዚህ ነው። ዓሊማ እንደሁ ከለቅሶው አንድም ቀን አልቀረችም፤ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች።

የዓሊማን ነገር ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። በድሮው መንግሥት ጦርነት ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ኑሀን ይዛ ዋጃ ገበያ ስትሄድ የጦር አውሮፕላን መጣ። ዓሊማ ተመለሰች፣ ኑሀ አልተመለሰችም። ያኔ ዘይኑዲን ሸዋ ውስጥ አውሮፕላን ካለበት ካምፕ ወታደር ነበር። መንግሥት ተለውጦ አገሩ ሲገባ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ። እዚያ ምን ትሠራ ነበር ሲሉት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀዊሪያ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ከዚህ ሣጥን ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን አውጥቶ ገጣጠመና ማሽላ የታጨደበት ማሳ ወሰዳት። ከአውሮፕላኗ የወጡ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች እጁ ላይ ካለው እጀታ ታስረዋል። እሱ መሐል ቆሞ ይዞራል፣ አውሮፕላኗ እየጮኸች ትከበዋለች። ጀዊሪያ በሳቅ ፍርስ አለች። በመንገዱ የምታልፈው ዓሊማ ግን የተሸከመችውን ውኃ ጥላ በደረቷ ተደፋች፤ ከሥሯ የምትከልለው ሰው ያለ ይመስል ክንዶቿን ዘርግታ። ዘይኑዲን እጀታውን ቁልቁል ደፍቶ አውሮፕላኗን ከመሬት ፈጠፈጣት። ስብርባሪዋን ለቅሞ ከተተ፤ ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን አልከፈተውም።

«መጫወቻ ብቻ ናት?» አለች ጀዊሪያ አብዱሰመድን።

«መጫወቻ ናት እንጂ! እሁድ እሁድ ክበባችን ውስጥ እናበርራት ነበር። ይቺ ባለ ሦስት ማዕዘኗ፣ ሽቦውን ስትስቢ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ናት። ይሄ የነዳጅ ቋቷ። ይሄ እጀታው፤ ጣቱ ያረፈበትን እይ፣ ሰርጉዷል።»

እንባዋ መጣ። አልሃምዱሊላህ። ይህን ለዓሊማ ታሳያታለች። አባቴ መጫወቻ የሚሠራ ሰው ነበር ትላታለች።

«ይሄስ?» አለች፣ መዳፍ የማይሞላ የብረት ውልብልቢት ከሣጥኑ ሥር አንስታ። «እሷን የሚያበራት ነው አይደል?»

አብዱሰመድ ተቀብሎ አገላበጠው። ፊቱ ጠቆረ።

«የሷ የእንጨት ነበር። ይሄ የሷ አይደለም።»

«የምን ነው ታዲያ?»

«ተይው ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አያርገኝ።»

«በአላህ ይዤሃለሁ ጋሼ!»

«የቦምብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አፍንጫው ላይ ይሆናል። ሲወርድ ነፋስ ያሽከረክረዋል፣ ያኔ ቦምቡ ይነቃል። ቀዳዳው በሞረድ ሰፍቷል፣ አየሽ? ለመጫወቻዋ ሊገጥመው ብሎ ነው። በዚህ አትበርም ብዬው ነበር።»

«ከየት አመጣው?»

«ከሥራ ቦታችን። እኔና እሱ ቦምብ ጫኞች ነበርን። የት እንደሚጣል አይነግሩንም። ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ግን እናውቃለን።» ውልብልቢቱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው። «አብሽሪ። መጫወቻውን ለዓሊማ አሳዪያት፣ ይሄን እኔ ይዤው ልሂድ።»

ልቧ እሺ ሊል ምንም አልቀረውም። ማን ያውቃል? ግን እያታለሉ የተቀበሉት አፉ ለሟች ምን ይሆነዋል? ውልብልቢቱን ከእጁ ወሰደችና ወጣች።

ዓሊማ ከዳሱ ጥግ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ጀዊሪያ አጠገቧ ተንበርክካ መጫወቻውንም ቦምቡንም፣ የሰማችውን ሁሉ፣ በጆሮዋ ነገረቻት። ብረቱን ጭኗ ላይ አኖረችላት።

«ኑሀዬ ላይ የወደቀው እሱ የጫነው ነው?» አለች ዓሊማ።

«አላውቅም እትዬ። ማንም አያውቅም። ሊሆን ይችላል።»

ዓሊማ ብረቱን አንስታ አገላበጠችው።

«ዛሬ አፉ ልለው ነበር የመጣሁት» አለች በመጨረሻ። «ሞተ፣ በቃው ብዬ። አሁን አልችልም ልጄ። ወላሂ አልችልም።»

ብረቱን ሰሌኑ ላይ ትታ ተነሣች። ጀዊሪያ ተከተለቻት፤ ለቀስተኛ ሳይሸኝ አይሄድም። ከዳሱ አፍ ከተደረደረው ጫማ የአሮጊቷን ኮንጎ ለየችና እግሯ ሥር አቀረበችላት። ዓሊማ ጎንበስ ልትል ሞክራ ወገቧ እምቢ አላት። ጀዊሪያ ቁጢጥ ብላ እግሯን ያዘች፣ አቧራውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና አንዱን ጫማ አጠለቀችላት። ዓሊማ አልከለከለቻትም። ለሁለተኛው፣ እንዳትወድቅ፣ በእጇ የጀዊሪያን ራስ ተደግፋ እግሯን አነሣች።