የግራው ሞራሌ

ሰማውን መጥላት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። እህቱ አየሁሽ ከእኔ ጋር ስትፋታ ቢቸና ድረስ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ዕቃዋን የጫነው እሱ ነው። ዕቃዋን ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። በገዛ እጄ የሠራሁትን የዋንዛ አልጋ ጭኖ ሄደ፤ ያውም ገመዱን ሲያስር እያፏጨ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ፉጨቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሞጣ፣ በሐጂ አብዱልዋሂድ ግቢ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥራዬን የሚጠብቀው።

ጀልባዋ የሐጂ ናት። ከጣና የመጣች አሮጌ የፋይበር ጀልባ ናት። በበጋ ዓባይ ወርዳ ገበያተኛ ታሻግራለች፤ ክረምት ሊገባ ሲል በመኪና ተጭና ሞጣ ትወጣለች። ነጂዋ ሰማው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወለሏን አንሥቼ ከሥር ያለውን የበሰበሰ እንጨት የለወጥኩላት ደግሞ እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ጀልባ ሲጠግን ስድስት ዓመት የኖረ አናጺ በዚህ አካባቢ ከእኔ ከፋንታ ሌላ የለም። አለ የሚል ካለ ይዋሻል።

ሚያዝያ ላይ ወለሏ ተሰበረ። የትናየት የምትባል በርበሬ ነጋዴ ወንዙ መሐል ላይ ብድግ ስትል እግሯ ወለሉን በስቶ ገባ። ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጉዱ የፈላው ያን ዕለት ነው። ሰማው “ፋንታ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከቶባት ነው” ብሎ ከሞጣ እስከ ጉንደ ወይን አወራብኝ። እኔም “ውሃዋን ሳያፈስላት አበስብሷት ነው” አልኩ። ጀልባዋ ከኋላዋ ቡሽ አላት፤ ማታ ከወንዙ ስትወጣ ቡሹ ይነቀልና ወለሉ ሥር የገባው ውሃ ይፈስሳል። ሰማው ይህን ለማድረግ ሰነፍ ነው አልኩ። ጠላ ቤት ሊገባ ሲሮጥ ይረሳዋል አልኩ። አይቼ ነው? አላየሁም። ግን ደስ እያለኝ ነው ያወራሁት።

ነገሩን ሐጂ ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ጋር ሆነው ያዙት። ወለሉን እኔው እንድከፍት፣ ሰማው ቁጭ ብሎ እንዲያይ፣ ሐሙስ ሁላችንም ባለንበት ጥፋተኛው እንዲለይ ተባለ። ጥፋቱ የእንጨቱ ከሆነ በሞጣም በቢቸናም ለእኔ ሥራ የሚሰጥ አይኖርም። የአያያዝ ከሆነ ሰማው ጀልባዋን ለሌላ ነጂ ያስረክባል። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሌላ ሥራም አያውቅ። ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት ከቢቸና በመጀመሪያው መኪና ደርሼ ወለሉን መቅደድ ጀመርኩ። ከላይ ያለው ፋይበር ደህና ይመስላል። ከሥሩ ያለው የኮምፔልሳቶ ጣውላ ግን በጣት የሚቆረስ ዳቦ ሆኗል። የበሰበሰ እንጨት ሽታ ግቢውን ሞላው።

“ሸተተህ?” አለኝ ሰማው ከበርጩማው ላይ። “የባሕር ዛፍህ ሽታ ነው።”

“የገዛ አፍህ ነው የሚሸትህ” አልኩት።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ የማወጣውን ብሎን ሁሉ እየተቀበለኝ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ እንዳልሰርቀው መሆኑ ነው። መዶሻውን አጠብቀዋለሁ፣ እቀጥላለሁ።

ወለሉን የሚሸከሙት ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ሞራሌዎች ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የቀኙን በመሮ ስመታው እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ፋይበሩን ልጬ ቁራጭ አነሣሁና አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

“ይሄ ባሕር ዛፍ ነው?”

ተቀብሎ አገላበጠው። ዋንዛ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የዋንዛ አልጋ ተሸክሟል አይደል?

ወደ ግራው ዞርኩ። መሮው እስከ እጀታው ሰመጠ። ስመዘው ጥቁር ውሃ ተከትሎት መጣ። ሁለቱም ከአንድ ግንድ የወጡ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ በእኔ እጅ የተሠሩ ናቸው። የቀኙ እንደ ተተከለ አለ፣ የግራው ጭቃ ሆኗል። ያን ቀን ማታ እዚያው ሞጣ ባደርኩበት አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ነገሩ አልገባኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰማው ለሽንት ወጣ። እኔ በግራው ሞራሌ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በሽቦ ወጋሁ። ሽቦው አልገባም።

በየሞራሌው ሥር አራት አራት ቀዳዳ አለ፤ በጎን የገባው ውሃ በእነሱ በኩል ወደ መሐል እንዲመጣና በቡሹ እንዲወጣ። ፋይበሩን ስለብጥ ማጣበቂያው ቀዳዳውን እንዳይደፍንብኝ ፌስታል ጠቅልዬ እወትፍበታለሁ፤ ሲደርቅ ስቤ የማወጣበት ክርም አስርለታለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ የራሴ ዘዴ ነው፤ ስኮራበት ኖሬአለሁ።

በጉጠት ይዤ ሳብኩት። ጥቁር ፌስታል፣ በቀይ ክር የታሰረ። ቋጠሮው የእኔ ነው። ሁለተኛውን ሳብኩ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን።

ያኔ ትዝ አለኝ። የቀኙን አራቱንም አውጥቼ ወደ ግራው ስዞር ዝናብ መጣ። ሸራ ስጎትት መሸ። በማግስቱ ወለሉን ከደንኩት።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰማው ደውሎልኝ ነበር። ስሙን ስልኬ ላይ ሳይ ቆሽቴ እያረረ ነው ያነሣሁት። “ጀልባዋ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ምን ይሆን?” አለኝ። “ጭነት ማስተካከል ካቃተህ አህያ ንዳ” ብዬ ዘጋሁበት።

የግቢው በር ሲከፈት ተሰማኝ። አራቱንም ፌስታሎች ኪሴ ከተትኩ። ሳላስበው ነው አልልም፤ አስቤ ነው።

“ምን አገኘህ?” አለኝ ሰማው።

“ያንተን ስንፍና” አልኩት።

ሐሙስ ተሰበሰብን። ሐጂ፣ መሪጌታ፣ ሰማው፣ እኔ። የትናየትም ምርኩዟን ይዛ መጣች፤ እግሯን ባዶ ጄሪካን ላይ አስቀመጡላት። የቀኙንም የግራውንም ሞራሌ አሳየኋቸው። እንጨቱ ዋንዛ መሆኑን ሐጂ ራሳቸው በጥፍራቸው ጭረው አረጋገጡ። የግራውን ያበሰበሰው የተጠራቀመ ውሃ ነው አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ያልተናገርኩት ላይ ነበር።

መሪጌታ ወደ ሰማው ዞሩ። “ቡሹን ማታ ማታ ትነቅል ነበር?”

“እነቅል ነበር፣ መሪጌታ።”

“አንድም ቀን አላስታጎልክም? በኪዳነ ምሕረት ትምላለህ?”

ሰማው ተነሣ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ማሽከርከር ጀመረ።

“አራት ዓመት ነው” አለ። “ልጄ የታመመች ጊዜ አለ፣ የመሸብኝም ቀን አለ። አንድም ቀን አልረሳሁም ብዬ በኪዳነ ምሕረት አልምልም። ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆናል።” ወደ የትናየት ዞረ። “ይቅር በዪኝ፣ እታለም።”

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ይሄ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። በእሱ ተናደድኩ። ቢምል፣ ቢክድ፣ እንደ ልማዱ ቢሰድበኝ ኖሮ ኪሴን እንደዘጋሁ ቢቸናዬ እገባ ነበር። ይቅርታ ጠይቅ ያለው ማን ነው? ያላጠፋውን ጥፋት ፊቴ ተሸክሞ እኔን እንዲህ የሚያሳንሰኝ እሱ ማን ስለሆነ ነው?

“ዝም በል!” ብዬ ጮኽኩበት።

ሁሉም ደነገጡ። ፌስታሎቹን ከኪሴ አውጥቼ ሐጂ ፊት ወረወርኳቸው። “ቀዳዳውን ደፍኜ የተውኩት እኔ ነኝ! እሱ ቡሹን ሺህ ጊዜ ቢነቅለው የግራው ውሃ አይወጣም። ቋጠሮው የእኔ ነው፤ እዩት!”

ሰማው ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። ቀዩን ክር በጣቱ ጎተት አድርጎ አየው።

“ታዘነብላለች ብዬህ ነበር” አለ።

“ብለኸኛል።”

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሁን። በራስ ላይ መመስከር ቀላል አይደለም፤ እግዚአብሔር ይስጥህ” አሉኝ። ሐጂም “ጀልባዋን ሰማው ይነዳታል፤ አንተም መልሰህ ትሠራታለህ” አሉ። አላፍርም፣ እነግራችኋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ልቤ ትንሽ አበጠ። ጨዋ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች የትናየት። በምርኩዟ ወደ ፌስታሎቹ ጠቆመች። “ይሄን ያገኘኸው መቼ ነው?”

ዛሬ ጠዋት ማለት እችል ነበር።

“ማክሰኞ” አልኩ።

“ማክሰኞ ማታ እኔ ቤት መጥተህ ነበር።”

እውነት ነው። ይህን ለእናንተም ሳልነግራችሁ አልፌዋለሁ።

“ብርቱካን ይዘህ መጣህ” አለች። “አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ‘እግርሽን የበላው ሰማው ነው፣ በዓይኔ አየሁ’ አልከኝ። እኔም እሱንም ልጆቹንም ረገምኩ። አንተ ‘አሜን’ አልክ። ያን ጊዜ ይሄ ነገር ኪስህ ውስጥ ነበር?”

ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

“ነበር” አልኩ።

ምርኩዟን አነሣች። ሰማው ሄዶ ክንዷን ያዘላት። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብላ ዞረችብኝ።

“ብርቱካኑ እንዳለ ነው” አለችኝ። “ስትሄድ ግባና ውሰደው።”