የተቆለፈው ሳሎን

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ገልበጥ አድርጋ ጀርባቸውን ስታይ ሽፍታው እንደገና ውሃ ቋጥሯል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራ ጣሪያውን አናት አናቱን እየመታችው፣ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል።

እናቲቱ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ሦስት ወር አልፏል። ከአልጋ አይነሱም። ልጅቷ የስፌት መኪናዋን እግራቸው ሥር አስቀምጣ፣ እየሰፋችም እያስታመመችም ነው በጋውን የያዘችው። መስኮቱን ስትከፍት የሚገባው ወላፈን ነው፤ ስትዘጋው ትንፋሽ ያጥራል። እርጥብ አንሶላ መስኮቱ ላይ ሰቀለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድርቅ ብሎ ቀረ። ፋን ገዛች፤ ፋኑም ያንኑ ትኩስ አየር እያዞረ የእናቷን ጉሮሮ ከማድረቅ በቀር የፈየደው ነገር የለም።

ቤቱ ሌላ ክፍል አጥቶ አይደለም። በሰሜን በኩል ሳሎን አለ፤ ግድግዳው የድንጋይ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቱን ትልቅ ዛፍ የሚያጠላው። ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ታላቅ ወንድሟ ኪስ ውስጥ ነው። ወንድምየው የአንድ ትልቅ መደብር ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የሚያሠራው ቤት እስኪያልቅ ብሎ የቆዳ ሶፋዎቹን እዚያ ከደረደረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ጋሼ፣ እማዬን ወደ ሳሎን እናውጣት» ባለችው ቁጥር «ቆይ፣ እኔ መላ አለኝ» ይላታል። ያ መላ ያን ቀን ከነካርቶኑ መጣ፤ የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ከሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ጋር።

ኤሌክትሪሺያኑ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቆጣሪውን ከፍቶ አየ፤ ሽቦውን ነካካና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይሄን እዚህ መስመር ላይ ካሰርኩት ቤቱ ይነዳል። አሁንም ካውያሽን የተሸከመው በግድ ነው። መስመሩ ከውጪ ጀምሮ ይቀየር ቢባል፣ ቢፈጥን ቢፈጥን ሁለት ወር ነው።»

«ሁለት ወር! በጋው ካለቀ በኋላ ምን ሊያደርግልኝ?»

«ቢገጠምስ? ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ማለት ሜዳ ማቀዝቀዝ ነው።» ወደ ሳሎኑ በር ጠጋ ብሎ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ለምን እዚህ አታስተኚያቸውም? ማሽን መግጠም እንጀራዬ ነው፣ አልጠላም። ግን እስኪ ይሄን ግድግዳ ንኪው።»

አልነካችውም። ታውቀዋለች። ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ማሽንህ አይገጠምም ተብሏል። ቁልፉን ላክልኝ።»

«ሌላ ባለሙያ እልክልሻለሁ።»

«ባለሙያ ላክ አላልኩህም፣ ቁልፍ ነው ያልኩህ!»

«አንቺ ደሞ ነገር ታከርሪያለሽ። እዛ ያለው እኮ ተራ ሶፋ አይደለም። እማዬ አሁን… ታውቂያለሽ፣ ራሷን መቆጣጠር አትችልም። ሽታው ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም።»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። አልጋ ላይ ያሉትም ሰምተዋል፤ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅቷ ያንን አየች።

«ሽታ አልክ?» አለች። «አንተን አዝላ ስታሳድግ ያንተ ሽታ ስንት ዓመት ልብሷ ላይ አልነበረም? አንድ ቀን አንስታብህ ታውቃለች?»

ጆሮው ላይ ዘጋችበትና ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «ካቻቢቴህን ስጠኝ።»

«እህቴ፣ እባክሽ ከቤተሰብ ነገር ውስጥ አታስገቢኝ።»

«አንተ ምን አገባህ? የምፈታው እኔ ነኝ።»

ጓጉንቸሩን የያዘው ብረት በአራት ብሎን ነበር የታሰረው። አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ ብረቱ ከነጓጉንቸሩ መሬት ላይ ወደቀ። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታት። ሰውየው ዕቃውን ሸክፎ ሊወጣ ነበር፤ ብቻዋን ሶፋ ስትጎትት ሲያያት ግን አላስቻለውም፤ እጅጌውን ጠቅልሎ በሌላው ጫፍ ያዘላት። ሶፋዎቹን አውጥተው አልጋውን ከነእናቲቱ እየገፉ አስገቡት።

«ልጄ፣ የእንግዳ ክፍል ነው እኮ» አሉ እናቲቱ፣ አልጋው ደፉን ሲሻገር።

«እንግዳው ማነው እማዬ?»

ዙሪያውን አዩ። «ይሄን ድንጋይ አባትሽ ሲጠርብ፣ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጋደም ብዬበት ግን አላውቅም» ብለው ፈገግ አሉ። ልጅቷ ፈገግ ማለት አልቻለችም።

ወንድምየው በማግስቱ ከሰዓት በሩን በርግዶ ገባ። ሶፋዎቹ ከነፕላስቲካቸው ቆርቆሮው ሥር ተኮልኩለዋል።

«ምን ጉድ ሠራሽኝ! ይሄ ሙቀት እኮ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል!»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እንዴት ነው፣ ለሶፋ ቆዳ አዘንክ? ሦስት ወር ሙሉ እዚህ የተላጠው የማን ቆዳ ነበር? ቁጭ በል!»

«ምን?»

«ቁጭ በልበት ነው የምልህ! ያንተ አይደል?»

ተቀመጠ፤ ከንዴቷ ይሆን ከድንጋጤው እሱም አላወቀም። ፕላስቲኩ ጀርባው ላይ ተለጠፈ፤ ላቡ ከግንባሩ ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ወረደ። ክራቫቱን ላላ አደረገ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ተነስቶ ወደ ሳሎኑ አለፈ።

እናቱ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«ተሸፍናለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በርዷት ነው» አለች ልጅቷ ከኋላው።

ከዚያ «ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ ሶፋዎቹን አነሳለሁ» አለና ማሽኑን ከነካርቶኑ ተሸክሞ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም።

ልጅቷ የእናቷን ጀርባ ቅባት ቀባች። የተናደደችው በወንድሟ ብቻ ቢሆን ይቀልላት ነበር። በገዛ እናቷ ቤት፣ በገዛ እናቷ ክፍል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ፈቃድ ስትለምን የከረመችው ራሷ ናት፤ ይሄንን ነው መቻል ያቃታት።